ሰባ አምስቱን የመረጥሁት እኔ ነኝ

የእህቴ ልጅ ትዕግሥት ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሠርግና ክርስትና በቪዲዮ ታነሣለች። ከጥቂት ወራት በፊት ደወለችልኝ።

«እትዬ የሺ፣ ሌንስ ልገዛ ነው። ሰማንያ አምስት ይሻለኛል ወይስ መቶ ሠላሳ አምስት?»

«ዙም ለምን አትገዢም?» አልኋት።

«ዙም አለኝ። ቤት ውስጥ ጨለም ሲል ይደክማል። አሁን የምፈልገው ባለ አንድ ልኩን፣ የማይሳበውን ነው፤ ከሰው ራቅ ብዬ ፊት የሚያመጣልኝን።»

አስቤ እነግርሻለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ጡረታ ከወጣሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ቤቴ የሚመጣ ሰው ስለ ጤናዬ ይጠይቀኛል እንጂ ስለ ሥራዬ የሚጠይቀኝ የለም። የሌንስ ቁጥር በበዛ መጠን ሩቁን ያቀርባል፤ እሷ የምትለው ቁጥርና የእኛ ቁጥር ግን አንድ አይደለም፤ የእኛ ፊልም ጠባብ ስለነበር በትንሽ ቁጥር ብዙ ያቀርብ ነበር። ጥያቄው ግን ያው ነው። እኔም በዕድሜዬ አንድ ጊዜ መልሼዋለሁ። በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ጻፍሁት።

ሥራ የገባሁት በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነው። ደብረ ማርቆስ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ፣ የጤና ትምህርት በሚሰጥ አንድ ትንሽ ክፍል ውስጥ በጽሕፈት መኪና ጸሐፊነት ተቀጠርሁ። ደመወዙ ለእናቴ ቀለብና ለቤት ኪራይ ይበቃ ነበር። ክፍሉ ሁለት ጠባብ ቤት፣ አንድ ላንድሮቨር፣ አንድ ጄኔሬተር፣ አንድ የፊልም ማሳያና አንድ ካሜራ ነበረው። ሥራው በየወረዳው እየዞሩ ስለ ምንጭ ውኃ፣ ስለ ዐይን ማዝና ስለ ክትባት ፊልም ማሳየት ነው። ከውጭ አገር የመጡት ፊልሞች ብዙም አልረዱንም። አንድ ጊዜ ይጁቤ ላይ አንዲት እናት ልጇን በነጭ ገንዳ ስታጥብ አሳየን። ፊልሙ አልቆ ጥያቄ ያለው ሲባል፣ አንዲት ሴት ተነሥታ፣ «ይህን ሁሉ ውኃ ማን ቀዳላት?» ብላ ጠየቀች። ከዚያ በኋላ የራሳችንን ፊልም እንድናነሣ ተፈቀደ።

የሚያነሡት አቶ ኑሪ ነበሩ። የሐረር ሰው ናቸው፤ ሥራውን አስመራ ውስጥ ፎቶ ቤት በመላላክ ጀምረው ካሜራ ያዥ ሆነዋል። ጎጃም የመጡት በዝውውር ነው፤ ዘመድ አልነበራቸውም። ከከተማው ሰው ጋር ሰላምታቸው ጥሩ ነው፤ ቤታቸው የሚገባ ግን አላየሁም። እኔም ከትምህርት ቤት ጓደኞቼ አብዛኞቹ አግብተው ስለ ሄዱ ብቻዬን ነበርሁ። ለመስክ ስንወጣ እኔ እርሳቸው የሚበሉትን ሥጋ አልበላም፣ እርሳቸውም የእኔን አይበሉም፤ ስለዚህ መንገድ ላይ ምግባችን ሁልጊዜ ሽሮ ነበር። «ከአንቺ ጋር ስዞር ዓመቱን ሙሉ ሁዳዴ አደረግሽብኝ» ይሉኝ ነበር። ከዚያ በላይ ቀልድ አያበዙም፤ እኔም እንደዚያው ነኝ። ግማሽ ቀን ሳንነጋገር የምንጓዝበት ጊዜ ነበር፤ ሁለታችንም አይከብደንም።

ፊልሞቹ ድምፅ አልነበራቸውም። ጽሑፉን በጽሕፈት መኪና የምመታው እኔ ስለ ነበርሁ፣ በማይክሮፎን የማነበውም እኔ ሆንሁ። ቆይቶ አቶ ኑሪ ሜትር መያዝ አስተማሩኝ። ከካሜራው ጎን ካለው ምልክት እስከሚነሣው ሰው ዐይን ድረስ ለክቼ ቁጥሩን እነግራቸዋለሁ፤ እርሳቸው የሌንሱን ቀለበት በዚያ ላይ ያቆሙታል። ከዚያ ካሜራው የሚሄድበትን ሞላ መጠምዘዝ፣ ከዚያ ፊልም መጫን፣ በመጨረሻ ማንሣት አስተማሩኝ። ሞላው አንዴ ተጠምዝዞ የሚሄደው ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። «በዚያ ጊዜ ውስጥ የማይነገር ነገር የለም፤ ካለም አንቺ አልገባሽም ማለት ነው» ይሉኛል።

የአቶ ኑሪን ልማድ ልናገር። አንድ መንደር ስንደርስ ካሜራው ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ከሣጥኑ አይወጣም። ከኪሳቸው የክብሪት ቤት ያወጣሉ፤ ውስጡ ተነሥቶ ሽፋኑ ብቻ የቀረ። በጎኑ ክር ታስሮበታል፤ ክሩ ላይ ሦስት ቋጠሮ አለ። አንዱን ቋጠሮ በጥርሳቸው ይዘው ክሩን እስኪወጠር ያርቁትና በክብሪቱ መስኮት አገሩን ያያሉ። የመጀመሪያው ቋጠሮ መስኮቱን ለዐይን ያቀርባል፣ ብዙ ያሳያል፤ እርሱ ሃያ አምስቱ ሌንስ ነው። ሁለተኛው ሃምሳው፣ ሦስተኛው ሰባ አምስቱ ነው፤ እርሱ መስኮቱን ያርቀዋል፣ ትንሽ ያሳያል። ክሩን በጥርሳቸው ስለ ያዙ ያኔ አይናገሩም። ገበሬው ግራ ገብቶት ሲጠይቀኝ፣ «እያዩ ነው» እላለሁ። ሌላው ልማዳቸው ማስታወሻ ደብተር ነው። ስሙን ሳይጽፉ ማንንም አያነሡም። ሰውየው እምቢ ካለ አመስግነው ይሄዳሉ።

የካሜራው ፊት ሦስት ሌንስ የሚሸከም ተሽከርካሪ ሳህን አለው። ሁለቱ ቀዳዳ አሥሩንና ሃያ አምስቱን ይዘዋል። ሦስተኛው ሩቅ ማቅረቢያ ነበር፤ ወደ ደብረ ኤልያስ ስንሄድ በቅሎዋ ወድቃ ተሰበረ። ከዚያ ወዲያ ሦስተኛው ቀዳዳ በቆርቆሮ ክዳን ተዘግቶ ዓመት ኖረ። ችግሩ በገበያ ሲነሣ የሚታይ ነበር። በሃያ አምስቱ ፊት ለመሙላት ሁለት እርምጃ ድረስ መጠጋት ያስፈልጋል። ሁለት እርምጃ ስትጠጋ የአገሬ ሴት ነጠላዋን ወደ አፏ ትሰበስባለች፣ ወንዱ ደረቱን ነፍቶ እንደ ዘብ ይቆማል። ፊልሙ ታጥቦ ከአዲስ አበባ ሲመለስልን ያየነው ሁሉ ነጠላና ዘብ ነበር።

ሦስት ቅጂ ደብዳቤ ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ተመልሶ መጥቶ፣ በመጨረሻ አንድ ሌንስ ብቻ እንድንገዛ ተፈቀደ። አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ ሃምሳና ሰባ አምስት ባለ አንድ ልክ፣ ሦስተኛ ደግሞ አንድ ዙም ለሙከራ ላከልን።

የክፍሉ ኃላፊ አቶ ደምሴ ዙሙን ወደዱት። እጀታውን እየጎተቱ፣ «አንዱ ለሁሉ ይሆናል! ስልጣኔ ማለት ይህ ነው» አሉ። አቶ ኑሪ ዙሙን ካሜራው ላይ አሰሩት። ከባድ ስለ ነበር ሳህኑን ወደ ታች ጎተተው። ከዚያ አቶ ደምሴን ወደ ጽሕፈት ቤቱ ጥግ አስገብተው በካሜራው እንዲያዩ አደረጓቸው።

«ጨለመ እኮ» አሉ አቶ ደምሴ።

«የገበሬ ቤት ከዚህም ይጨልማል፣ ጌታዬ።»

በዚህ ዙሙ ቀረ። ሁለቱን ባለ አንድ ልኮች አንድ ሳምንት ሙሉ ፈተንናቸው። የጋዜጣ ገጽ ግድግዳ ላይ ለጥፈን፣ የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ እስከ መጨረሻ ከፍተን፣ የማዕዘኑ ፊደል ይነበብ እንደ ሆነ አየን። ፀሐይን ፊት ለፊት አስገብተን ምስሉ ይነጣ እንደ ሆነ ተመለከትን። ቀለበቱን በጧት ብርድና በቀትር እያዞርን መክበዱን አወዳደርን፤ የሚንገራገጭ ቀለበት ሰው ሲራመድ ተከትሎ አያተኩርም። ሁለቱም ደኅና ነበሩ። የቀረው ርቀት ነው። አቶ ኑሪ ገበያ ወጥተው ሴቶች ነጠላቸውን መሰብሰብ የሚያቆሙበትን ቦታ በእርምጃ ለኩ። ዘጠኝ እርምጃ ሆነ። በዘጠኝ እርምጃ ሰባ አምስቱ ከራስ እስከ ደረት ይሞላል፤ ሃምሳው ሰውየውንም ጎረቤቱንም ያስገባል።

«ሃምሳው ይሻላል» አሉ አቶ ኑሪ። «አንድ ሁለት እርምጃ መጠጋት ነው፤ ቤት ውስጥም ወደ ኋላ መሄጃ አታጪም። ሰባ አምስቱ ፊቱን ይሰጥሻል፣ አገሩን ይወስድብሻል።»

እኔ ሰባ አምስቱን ወደድሁ። በሙከራው ያነሣሁት ፊት ከኋላው ያለው ሁሉ ቀልጦ፣ ሰውየው ብቻውን ቀርቶ ታየኝ። እንዲህ ያለ ምስል አይቼ አላውቅም ነበር። ሌላም ምክንያት ነበረኝ፤ ለማንም አልተናገርሁትም። ከሰው ዘጠኝ እርምጃ መራቅ ለእኔ ችግር አልነበረም። ችግሬ መጠጋቱ ነበር። ተጠግቶ ስምሽ ማን ነው፣ ላንሣሽ ወይ ማለት እንደ ድንጋይ ይከብደኛል።

«ከእንግዲህ አብዝተሽ የምትይዢው አንቺ ነሽ» አሉ አቶ ኑሪ። «መርጠሽ ፈርሚ።»

ሰባ አምስቱን መርጬ ፈረምሁ።

ሌንሱ የወጣበት የመጀመሪያ ቀን ሮብ ገበያ የምትባል ትንሽ ከተማ ነበርን። ጤና ጣቢያው ያን ቀን ሁለት ሥራ ነበረው። በአንዱ በኩል የፈንጣጣ ክትባት፣ በጓሮው በኩል የሥጋ ደዌ ሕሙማን መድኃኒት የሚወስዱበት። ሁለቱንም ለየብቻው ለሚሆን ፊልም ልናነሣ ነው የሄድነው። አቶ ኑሪ ሕሙማኑን አነጋገሩ። ፊታችን አይነሣ አሉ፤ እርሳቸውም እጃቸውን፣ ጀርባቸውንና ክኒኑን ብቻ አነሡ። ሲጨርሱ ካሜራውን ሰጡኝ።

«ሞላው ሙሉ ነው። ሂጂና አዲሱን ሞክሪው።»

ከቤቱ ክፈፍ ሥር፣ ጥላው ውስጥ፣ አንዲት ሴት ቆማ አየሁ። ዕድሜዋ ወደ አርባ ይሆናል። ጠይም ናት፣ ግንባሯ ሰፊ። ወደ ታች አየችና ቀና አለች፤ አንድ ነገር ጨንቋታል። ሜትሩን ይዤ እስከ ዐይኗ መሄድ ነበረብኝ። አልሄድሁም፤ ርቀቱን በእርምጃ ገመትሁ። ጥላ ስለ ነበር ሌንሱን እስከ መጨረሻ ከፈትሁት። እንደዚያ ሲከፈት ከፊቷና ከኋላዋ ሁለት ክንድ የማይሞላ ቦታ ብቻ ነው ጥርት የሚለው። ስድስት ሰከንድ ያህል አነሣሁ። አላየችኝም። ስሟን አልጠየቅሁም።

ፊልሙ ታጥቦ ከመመለሱ በፊት አቶ ኑሪ እናታቸው ሞተው ወደ ሐረር ሄዱ። ሁለት ወር ቆዩ። የሥጋ ደዌውን ፊልም ብቻዬን እየቆረጥሁ ቀጣጠልሁት። አቶ ደምሴ አይተው፣ «እጅና ጀርባ ብቻ! ፊት የሌለው ምኑን ፊልም ሆነ?» አሉኝ። እውነትም ባዶ ይመስል ነበር። ጽሑፉ መካከል «ይህ በሽታ ሲጀምር በመልክ አያስታውቅም» የሚል ቃል ነበረ። እዚያ ላይ የሚሆን ጤነኛ መልክ ያስፈልገኝ ነበር። የዚያችን ሴት ፊት አስገባሁበት። እስከዚያ ቀን ካነሣሁት ሁሉ የሚያምረው እርሱ ነበር፤ ይህንንም መሸሸግ አይገባኝም።

ፊልሙን ሮብ ገበያ በገበያ ቀን፣ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ መስኮቱን በጋቢ ሸፍነን አሳየነው። እኔ ፊቴን ወደ ወረቀቱ አድርጌ በእጅ ባትሪ አነብባለሁ። በመልክ አያስታውቅም የሚለው ላይ ስደርስ ጉርምርምታ ተነሣ፤ አንድ ሰው የሆነ ስም ጠራ። ምስሉን ወደዱት ብዬ አሰብሁ። እንዲያውም ቃሉን እንዲሰሙት ደገምሁት።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ አቶ ኑሪም ተመልሰው፣ አንድ ጧት ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ሴትዮዋ ቆመች። ከሮብ ገበያ ድረስ መጥታ ኖሯል። ወዲያው አወቅኋት። ፊልሙን ስቆርጥ ብዙ ጊዜ አይቻታለሁና።

«ፊቴን የወሰድሽው አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

አቶ ኑሪ ተነሥተው ወንበር ሰጧት፤ አልተቀመጠችም።

«ስምዎ ማን ይባላል፣ እመቤቴ?»

«አንጓች። ስሜንማ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። እናንተ ናችሁ ሌላ ስም ያወጣችሁልኝ።» ነጠላዋን ከትከሻዋ መለሰች። «ልጄ እናኑ ታጭታ ነበር። ከጥምቀት በኋላ ልትዳር፣ ጠላው ሊጠመቅ። የልጁ አባት አያ ቢያድግ ሽማግሌ ላከ። አጥንታችሁን አናውቅም ነበር፣ ቆማጣ ናችሁ ለካ አለ። ማን ያገባታል ከዚህ በኋላ? የእህቴስ ልጆች? ድንቼን እንኳ የሚገዛኝ የለም።»

አቶ ኑሪ ወደ እኔ ዞሩ። «ጠይቀሻት ነበር?»

«አልጠየቅሁም።»

እርሳቸውም ጥቅልሉን አውጥተው፣ ቦታውን ፈልገው፣ በመቀስ ቆረጡትና ጫፉን ለጫፍ ቀጠሉት። የቆረጡትን ለወይዘሮ አንጓች ሰጧት። ወደ መስኮቱ አቅንታ አየችው። አንድ ጥፍር በሚያህል ምስል ውስጥ እርሷ፣ ከሥሩም እርሷ፣ ከዚያም ሥር እርሷ አለች።

«ይህ ሁሉ እኔ ነኝ?» አለች። ከላይ እስከ ታች በጣቷ ወረደችበት። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ልጄ የታለች?»

«እናኑ ነበረች እንዴ?»

«ትንሿ! ከእግሬ ሥር ተቀምጣ ታለቅስ አልነበር፣ ለመርፌው ተራዋ ደርሶ? ከኋላዬስ ያ ሁሉ ሰው ተሰልፎ? ነርሱ ጠረጴዛው ላይ? የት አደረግሽው ይህን ሁሉ?»

ሰባ አምስቱ ልጅቷን ከታች ቆርጦ አስቀርቷታል። ከኋላ ያለውን ሰልፍና የክትባቱን ጠረጴዛ ደግሞ የተከፈተው ሌንስ አቅልጦ ነጭና ግራጫ አድርጎታል። የክትባት ሰልፍ ላይ ያለች እናት መሆኗን የሚናገር ነገር ሁሉ ከምስሉ ወጥቷል። በሃምሳው ቢሆን ኖሮ ልጅቷ ባትገባ ሰልፉ ይገባ ነበር። በሃያ አምስቱ ቢሆን ሁሉም። እኔ ያመጣሁት ፊት ብቻ ነው፤ ፊት ብቻውን ደግሞ የተናገሩበትን ሁሉ ይቀበላል።

በማግሥቱ ከአቶ ኑሪ ጋር ወደ አያ ቢያድግ ቤት ሄድን። ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነበር። ሁሉንም እንደ ሆነው ተናገርሁ፤ ሴትዮዋ ልጅ ልታስከትብ እንደ ቆመች፣ ስሟን ሳልጠይቅ እንዳነሣኋት፣ ያለቦታዋ እንዳስገባኋት።

አያ ቢያድግ ከብት ያላቸው፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። «እንግዲህ ሥዕሉ ዋሸ ልትይን ነው?» አሉ።

«ሥዕሉ አልዋሸም፣ አያ። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

«ያን ዕለት በመንግሥት መኪና መጥተሽ፣ በመንግሥት መብራት አሳየሽን። ዛሬ በአፍሽ ታፈርሽዋለሽ። የትኛዋን እንመን?»

«ጤና ጣቢያው ይመርምራት። ወረቀት ይስጣት» አሉ አቶ ኑሪ።

«ወረቀቱስ የማነው? የእናንተው አይደለም?» ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቅ አለ። አያ ቢያድግ አልሳቁም። «ጤነኛ ትመስላለች እንዳልል፣ አንቺው ራስሽ በመልክ አያስታውቅም ብለሽ ሁለት ጊዜ ነግረሽናል። እኔ የማገባው ለልጄ ብቻ አይደለም፤ ለልጅ ልጆቼ ነው። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

ይህ በሽታ በዘር እንደማይወርድ ነገርኋቸው። ፊልሙም የሚለው ይህንኑ ነበር። ሕሙማኑን አትሽሹ፣ መድኃኒት አላቸው ነበር የሚለው። ያን ሁሉ ሰምተው ይዘው የሄዱት ማንን እንደሚሸሹ ብቻ ነው።

ጋብቻው አልተመለሰም። ልጁ በዚያው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ሌላ አገባ። እናኑ ከዘመድ ጋር ወደ ሌላ አገር ሄደች፤ መጨረሻዋን አላውቅም። ሰባ አምስቱን መንግሥት እስኪለወጥ፣ ክፍላችንም እስኪዘጋ ድረስ ሠራሁበት። መጥፎ ሌንስ አልነበረም። ግን ከማንሣቴ በፊት ዘጠኙን እርምጃ እሄዳለሁ፣ ስም እጽፋለሁ፣ ተመልሼ እቆማለሁ፤ አስቀድሜም በሃያ አምስቱ ሰውየው የቆመበትን አነሣለሁ። አቶ ኑሪ ወደ አገራቸው ተዛውረው ሁለት ደብዳቤ ጻፉልኝ። ሦስተኛ አልመጣም። እኔ አዲስ አበባ የፊልም መጋዘን ውስጥ ተመድቤ፣ የተመለሱ ጥቅልሎች መቀደዳቸውን በጣቴ እየዳሰስሁ ጡረታዬ ደረሰ። እዚያ ቀኑን ሙሉ የሚያነጋግር ሰው የለም። ለትዕግሥት የምመልሰውም ይህን ነው፤ ቤት ውስጥ ለምታነሺው ሰማንያ አምስቱን ግዢ፣ መቶ ሠላሳ አምስቱ ግድግዳ ላይ ያስለጥፍሻል። የቀረው ግን የሌንሱ ቁጥር አይደለም።

አሁን ወደ ወይዘሮ አንጓች ልመለስ። ከአያ ቢያድግ ቤት ስንወጣ መንገድ ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር። ያሉትን ነገርናት።

«አውቄዋለሁ» አለች። «የተናገራችሁትን በነገር አትመልሱትም። ብሉልኝ።»

አልገባኝም ነበር። ገበያ መካከል፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ከአንድ ገበታ አብረናት እንድንበላ ማለቷ ነው። እንኳን ከታመመ፣ ከተጠረጠረም ሰው ጋር ማንም አይቆርስም ነበርና።

አቶ ኑሪ አንገታቸውን ነቀነቁ። «እኔ እስላም ነኝ፣ ወይዘሮ አንጓች። እኔ ብበላ ሌላ ወሬ ይሆንብዎታል እንጂ ምስክር አይሆንዎትም። እርሷ ትምጣ።»

በሚቀጥለው ሮብ ብቻዬን በእህል መኪና ሄድሁ። ሮብ ጾም ስለ ሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መብላት አይቻልም፤ ቀድመን ብንቀምስ ሌላ ነውር ነው። ስለዚህ ከጧት ጀምሮ ከድንቿ ጎን መሬት ላይ ተቀመጥሁ። በግራ ቀኝ ያሉት ሻጮች ዕቃቸውን ከእኛ አርቀው ዘርግተዋል። ሰው ይመጣል፣ ድንቹን ያያል፣ እርሷን ያያል፣ እኔን ያያል፣ ያልፋል። ካሜራ አልያዝሁም፤ እጄን የማደርግበት ቦታ ጠፋኝ።

«ሴትዮዋ ናት፣ ያነበበችው» ሲሉ ሰማሁ።

«ምን ልታነብ መጣች ደግሞ?»

«ዛሬ አንጓችን ልታጠምቃት ይሆናል።» ሳቁ።

ትንሿ ልጅ፣ በምስሉ ውስጥ የሌለችው፣ ክንዷ ላይ የክትባቱ ጠባሳ ወጥቶላት ጭኔን ተደግፋ ተኛች። ስሟን ጠየቅሁ። የውብዳር ትባላለች። አያ ቢያድግ ጥቁር በቅሎ እየሳቡ አለፉ፤ አዩን፤ ባርኔጣቸውን ነካ አደረጉ እንጂ አልቆሙም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አገልግሉን ከፈተችው። የገብስ እንጀራና የባቄላ ወጥ ነበር። በስመ አብ አለች፣ እኔም አማተብሁ። ከአንድ ወገን እርሷ፣ ከአንድ ወገን እኔ ቆረስን። ከዚያች ሴት ጋር እንደዚያ ተቀራርቤ አላውቅም፤ ትንፋሿ ይሰማኛል፣ ከዐይኗ ሥር ምስሉ ላይ ያላየሁት ትንሽ ጠባሳ አለ። ሰው ከበበን ለማለት አይቻልም፤ ግን የሚገዛውም የሚሸጠውም እጁን አቁሞ ያየን ነበር።

«ልጄን አልመለስሽልኝም» አለች፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

«አልመለስሁም።»

ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለች። ወጡ በጣቶቿ መካከል ወረደ። ክንዷን ሁሉም እንዲያየው ከፍ አድርጋ ዘረጋችው።

«እንኪ። አፍሽን ክፈቺ።»

ከፈትሁ። ጉርሻው ትልቅ ስለ ነበር እያኘክሁ ብዙ ቆየሁ። ገና ሳልውጠው ከበላያችን አንድ ድምፅ መጣ። ቀና ስል ቅርጫት ያንጠለጠለች አሮጊት ቆማለች።

«አንጓች፣ ድንቹን በስንት ነው የምትሰጪ?»

ወይዘሮ አንጓች ሁለተኛውን ጉርሻ እየጠቀለለች፣ ቀና እንኳ ሳትል መለሰች።

«ቆዪኝማ፣ እየበላን ነው።»